«ዳንስ ብቻ እኮ ነው፣ አባዬ!»



ጽሑፌን የምጀምረው ራሴን በመውቀስ ነው። የ13 ዓመት ልጄ ሳሎን መሐል ቆማ ስትለማመድ ሁለት ሳምንት ሙሉ አይቻለሁ። ጣቶቿን እንደ አውሬ ጥፍር አቆልምማ ታነሳለች፣ ትከሻዋን ትሰብቃለች፣ አንድ እግሯን እየጎተተች ትራመዳለች። ስቄያለሁ፣ በስልኬም ቀርጫታለሁ። «ለምንድን ነው?» ያልኳት የልብስ ገንዘብ ስትጠይቀኝ ነው። እዚህ አዲስ አበባ የምትማርበት ትምህርት ቤት ለሀሎዊን ድግስ አዘጋጅቷል፤ የእሷ ክፍል የማይክል ጃክሰንን «ትሪለር» ያቀርባል። ልብሱ የተቀዳደደ ነጭ ጨርቅ ነው። ከመቃብር የወጣ ሬሳ ይመስላሉ ማለት ነው።

እናቴን ከፍነን ከቀበርን ገና ዓመት አልሞላንም።

«ዳንስ ብቻ እኮ ነው፣ አባዬ!» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ እጅ ማንሳት ሽርክ አይደለም። በየቴሌግራሙ «ሀሎዊን የሰይጣን ልደት ነው» እያልን ስናጋራም ትክክል አይደለንም። ውሸት ይዘን ልጅ መምከር አንችልም፤ ጉግል አድርጋ ታሳፍረናለች። ነገሩ መነሻው አየርላንድና አካባቢው ያሉ ኬልቶች የክረምት መግቢያ በዓል ነው፤ በዚያ ሌሊት ሙታን ይመለሳሉ ብለው ያምኑ ነበር። በኋላ ከክርስቲያኖቹ የቅዱሳን በዓል ዋዜማ ጋር ተገጣጠመ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአየርላንድ ስደተኞች ወደ አሜሪካ ይዘውት ሄዱ። ዱባው እንኳ አሜሪካ የተገኘ ነው፣ አገራቸው ሳሉ የሚፈለፍሉት ሌላ ሥራ ሥር ነበር።

ልጄን ያስደነቃት ግን ሌላ ነገር ነው። የ«ትሪለር» ፊልም በ1983 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ማይክል ጃክሰን የይሖዋ ምሥክሮች ተከታይ ነበር። የሃይማኖቱ ሰዎች ስለተቆጡ፣ ፊልሙ በመናፍስት ማመንን እንደማይደግፍ የሚገልጽ ጽሑፍ መክፈቻው ላይ አስገባ። በማግስቱ ዓመትም እንዲህ ያለ ነገር ዳግም እንደማይሠራ ለሃይማኖቱ መጽሔት ተናገረ። የዳንሱ ባለቤት ራሱ ለእምነቱ ሲል የተጨነቀበትን ነገር፣ የሙስሊም ልጅ «አልችልም» ብትል ለምን ኋላ ቀር ትባላለች?

እኔ ያደግኩት መንዝ ውስጥ ነው። ደጋ ነው፣ ሌሊቱ ባና ደርበህም ይበርድሃል። እናታችን «ቢስሚላህ» ሳትል ትኩስ ውሃ ደጅ ደፍታ አታውቅም። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ዛር አለባቸው ይባል ነበር። ሲነሳባቸው ያጓራሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፤ ገብስማ ዶሮ ተገዝቶ እስኪታረድ ቤተሰቡ እንቅልፍ የለውም። ባለቤታቸው ለዶሮና ለባለውቃቢ ሲሉ በጎቻቸውን ሸጠው ጨረሱ። የልጄን የትከሻ አሰባበቅ ሳይ ትዝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ለእኛ አገር ሰው ይህ የድግስ ማድመቂያ አልነበረም፣ ጎተራ የሚያራቁት ነገር ነበር።

ጂን መኖሩን እናምናለን፣ ቁርኣን ውስጥ 72ኛው ምዕራፍ በስሙ ተሰይሟል። ከሞት መነሳትንም እናምናለን። ማስፈራራትን በተመለከተም አቡ ዳውድ የዘገቡት ሐዲስ አለ፦ ሶሓቦች በጉዞ ላይ ሳሉ አንዱ ተኝቶ ነበር፤ ጓደኛው ገመዱን ሲወስድበት ደንግጦ ተነሳ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም ሙስሊምን ማስደንገጥ እንደማይፈቀድለት ተናገሩ። ቀልድ ነበር እኮ!

ይህን ሁሉ ስነግራት አለቀሰች። «ሁለት ሳምንት ስለማመድ ለምን ዝም አልከኝ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከፊት ረድፍ መውጣት ለ13 ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም፤ «ሐራም ነው፣ በቃ!» ብለን በሩን ዘግተን የምንሄድ አባቶች ይህን አናስብም።

በማግስቱ አብሬያት ሄድኩ። መምህሯ ክፉ ሰው አይደሉም፣ «ማንም ወላጅ ጠይቆን አያውቅም» አሉኝ። እውነት ነው፣ እኛ የምንጠይቀው ስለ ክፍያ ነው። እኔም ለዳይሬክተሩ አንድ ገጽ ጻፍኩ፦ ከእንግዲህ ለማንኛውም ድግስ ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት ዘፈኑና አልባሳቱ ለወላጅ ይነገር፣ የማትሳተፍ ልጅም ነጥብ አይቀነስባት። ሦስት ወላጆች ፈርመውበታል፤ ከሦስቱ ሁለቱ ክርስቲያን ናቸው። መልሱን እየጠበቅን ነው።

ቪዲዮውን ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ። እሷም አይታኛለች።