ከጉልበት በፊት ልኬት

ቱርቦ የተገጠመለትን የስፖርት መኪና ጉልበት ለማሳደግ የአየሩን ግፊት መጨመር ብቻ ይበቃል የሚል እምነት በብዙ ወጣቶች ዘንድ ሥር ሰድዷል። እኔ በዚህ አልስማማም። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ነድዶ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይሻል። በከፍተኛ ግፊት ጊዜ ግን ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 12 ኪሎ ገደማ አየር ብቻ ይመደባል፤ ትርፉ ነዳጅ በሚተንበት ጊዜ ሙቀት ስለሚወስድ ሲሊንደሩን ያቀዘቅዛልና። አየሩ ጨምሮ ነዳጁ ካልተከተለው፣ የእሳት ነበልባል ያልደረሰበት ቅይጥ በራሱ ይፈነዳል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ፒስተኑም ሊሰበር ይችላል።

የስዊድኑ ሳብ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ይህን ማንኳኳት የሚያዳምጥ መሣሪያ በቱርቦ ሞተሮቹ ላይ ገጠመ፤ መሣሪያው ምልክቱን እንደሰማ ግፊቱ ይቀንሳል። ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ሞተሩ ራሱ የሚችለውን ይናገራል፤ የሚያዳምጠው ግን ያስፈልገዋል።

ስለዚህ፣ ውድ ተማሪዎች፣ በሞተሩ ኮምፒዩተር ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች ከመለወጣችሁ በፊት በጭስ ማውጫው ላይ የኦክስጅን መለኪያ ግጠሙ። አንድ ቁጥር ለውጡ፤ ለኩ፤ መዝግቡ። ሳይለካ የሚጨምር ሰው በሞተሩ ቁማር ይጫወታል።