ከአካባቢያችን እንማር፦ እንቁራሪትና ጉርጥ



ባለፈው ሳምንት ሰ እና ሸ አጥንተናል። ሁለቱ ፊደላት ይመሳሰላሉ። የሚለያቸው ከላይ ያለችው ጭረት ናት። ጭረቷን ያላየ ሰው «ሻማ» የሚለውን «ሳማ» ብሎ ያነባል። ሻማ ያዝኩ ብሎ ሳማ መጨበጥ ደግሞ ያቃጥላል።

ዛሬም ስለሚመሳሰሉ ነገሮች እናነባለን።

በኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ አጠገብ፣ የአንዲት ተማሪያችን ልጅ ሁለት እንቁራሪቶች በባልዲ ያሳድግ ነበር። ዝንብ እየያዘ ይመግባቸዋል። አንድ ቀን ባልዲውን ይዞ ወደ መሠረተ ትምህርት ጣቢያችን መጣ።

«ጋሼ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው?» አለኝ።

እኔም አየት አድርጌ «አዎ፣ አንድ ናቸው። አንዷ ወፈረች እንጂ» አልኩት። ተሳስቼ ነበር።

በማግስቱ የቤቱ ውሻ ወፍራሟን ነከሳት። ወዲያው አፉ አረፋ ደፈቀ። እናትየው አፉን በብዙ ውሃ አጠቡት። ውሻው ተኝቶ ዋለ፤ ማታ ዳነ። ጎረቤቶች ግን «እንቁራሪት መርዝ ናት፤ ሁሏም ትገደል!» አሉ። ድንጋይ ያነሱም ነበሩ።

ይህን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ተማሪያችን «ቆዩ እንጂ!» አሉ። «ውሻው የነከሰው ጉርጥ ነው። እንቁራሪቷ ምን አጠፋች? አንተስ ልጄ፣ ፊደል ለይተህ ታስተምረናለህ፤ ይህን መለየት አቃተህ?»

አፈርኩ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ልዩነቱን አብረን እንማር።

እንቁራሪት ቆዳዋ ለስላሳና እርጥብ ነው። የኋላ እግሮቿ ረጃጅም ናቸው። ርቃ ትዘላለች።

ጉርጥ ቆዳው ደረቅና ጉብጉብ ያለ ነው። እግሮቹ አጫጭር ናቸው። ይድሃል፤ ቢዘልም ቅርብ ነው። ከዓይኖቹ በስተኋላ ሁለት እብጠት አለው። ሲነከስ ከዚያ ወተት የመሰለ መርዝ ይወጣል። ጉርጥ ግን ማንንም ፈልጎ አይነካም። ኪንታሮትም አያስይዝም፤ ኪንታሮት የሚመጣው ከቫይረስ ነው። ጉርጥ ሌሊት ወጥቶ ተባይ ይበላል።

እንቁራሪቶችም እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። በአገራችን ደጋ፣ በሣር ውስጥ የሚኖሩ ትናንሽ እንቁራሪቶች አሉ። ሊቃውንት ብዙዎቹን ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ ዓይነት ይቆጥሯቸው ነበር። በኋላ ድምፃቸውንና የዘር ቅንጣታቸውን መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ለአራት አዳዲስ ዓይነቶች ስም ወጣላቸው። ለካ ሊቅም ይሳሳታል! ደግሞ አይቶ ያርማል።

ልጁ ሁለቱንም ከወሰደበት ቦታ መለሳቸው። ደግ አደረገ። እንቁራሪትን የሚገድል የቆዳ በሽታ አለ፤ በአገራችንም ተገኝቷል። ከደሴ ወንዝ ይዘን ኮምቦልቻ ብንለቅ በሽታውን ልናዛምት እንችላለን። ጉርጥም ሆነ እንቁራሪት የነካ ሰው እጁን ይታጠብ፤ ሳይታጠብ ዓይኑን አይንካ።

ጥያቄዎች
1. ጉርጥንና እንቁራሪትን በምን እንለያለን?
2. ጎረቤቶች ድንጋይ ያነሱት ለምን ነበር?
3. «ሳማ» እና «ሻማ» ብላችሁ ጻፉ። ጭረቷን አትርሱ።