ከአትክልት ተራ እስከ ዳሎል

አትክልት ተራ፣ ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መጀመሪያ ወደ ጃን ሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት እስኪዛወር ድረስ፣ የአራት ኪሎ ሳይንስ ተማሪ የቅርብ ጎረቤት ነበረ። በየማለዳው ከመቂ፣ ከዝዋይና ከአዋሽ ዳር እርሻዎች ሽንኩርትና ቲማቲም የጫኑ አይሱዙዎች እያቃሰቱ ወደ ፒያሳ ይወጡ ነበር። ማቃሰታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ዝዋይ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ አራዳ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ኩንታል ሽንኩርት ወደ ድስታችን ከመግባቱ በፊት 760 ሜትር ያህል ከፍ መደረግ ነበረበት፤ ለዚህ ብቻ፣ ሰበቃውን ሳንቆጥር፣ 745 ኪሎ ጁል ያህል ኢነርጂ ይጠይቃል። ይህንኑ ስሌት በፈተና ስንሰጥ ግን «መጠነ ቁሱ 100 ኪሎ ግራም የሆነ አንድ አካል» እንላለን። አካሉ ሽንኩርት፣ ከፍታውም የገዛ አገራችን ዳገት መሆኑን ለተማሪው አንነግረውም።

በእኛ አስተያየት ማንኛውም የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት ያንን መንገድ ቢያንስ አንድ ጊዜ ቁልቁል ሊጓዝበት፣ በረሃውንም በዓይኑ ሊያየው ይገባል። ጉዞው የሽርሽር ሳይሆን የትምህርት ክፍል ይሁን፤ ውጤትም ይያዝበት።

በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ካስገረሙን ነገሮች አንዱ አልጋና ማድቤት ያለው መኪና ተከራይቶ ለሳምንታት በረሃ ለበረሃ የሚዞር ሕዝብ ነው። አያት ከልጅ ልጁ ጋር በየገደሉ አፋፍ ቆሞ የዐለቱን ዕድሜ ያነባል። የእኛም ተማሪዎች ግራንድ ካንየንን ከፊልም ያውቁታል። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሞት ሸለቆ ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር ዝቅ እንደሚል የሚነግረን ተማሪ አናጣም፤ ዳሎል ከዚያም ወርዶ 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ለዚህ ተማሪውን መውቀስ አይቻልም፤ የወሰደው የለምና።

ለመሆኑ ከአራዳ እስከ ዳሎል ቢወረድ ምን ይገኛል? በቀላል ስሌት እንጀምር። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይጨምራል። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 2,520 ሜትር ነውና ጭማሪው 16 ዲግሪ ይሆናል። የአዲስ አበባ ዓመታዊ አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ዳሎል 32 ዲግሪ መሆን ነበረበት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በቦታው የተለካው አማካይ ግን 34.6 ዲግሪ ነው፤ ሰው ኖሮባቸው ከተለኩ ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው አማካይ ሆኖ ተመዝግቧል። በአንድ መስመር ስሌት ይህን ያህል መቅረብ መቻሉ ድንቅ ነው። ቀሪዎቹ ሁለት ዲግሪ ተኩል ከየት እንደመጡ መጠየቅ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል፤ ደመና ማጣት ነውን? የጨው ሜዳው? ወይስ ሙቀቱን የሚያፍነው የሸለቆው ቅርጽ?

ሁለተኛው ሙከራ አንድ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ብቻ ይፈልጋል። ፒያሳ ላይ ክዳኑ ጠብቆ ይታሰር። በአዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ፕላስቲኩ ዳሎል ሲደርስ በውስጡ ያለው አየር ቢሞቅም እንኳ ከውጭ ያለው ግፊት አይሎ ይዘቱን በአንድ አምስተኛ ገደማ ያኮማትረዋል። ሙቀት ጋዝን ያሰፋል ብሎ የሸመደደ ተማሪ የተጨመደደውን ፕላስቲክ በእጁ ይዞ ምን ይል ይሆን? በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ውኃ እዚያ 100 ዲግሪን ጥቂት አለፍ ብሎ እስኪሞቅ ድረስ አይፈላም። የአራዳ ሽሮ እሳት ላይ መቆየት የሚወድበት ምክንያት ከዚህ ውጭ አይደለም።

መንገዱ ራሱም መምህር ነው። በመተሐራ አጠገብ የበሰቃ ሐይቅ ባለፉት ስድስት አሥርት ዓመታት ከአሥር እጥፍ በላይ ሰፍቶ አውራ ጎዳናውንና የባቡር ሐዲዱን ተፈታትኗል። ከዚያው ፊት ለፊት የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ይታያል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፋን አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ፣ የአንዳንዱም ርዕደ መሬት መጠን ወደ 6 ሲደርስ፣ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። አዲስ አበባም ሌሊት እየተነሣች ደረጃ ትወርድ ነበር። በዚያ ሰሞን ተማሪዎች ከክፍል ሲወጡ የሚጠይቁን አንድ ነገር ነበረ፤ «ፈንታሌ የት ነው?» የሚል። የርዕደ መሬት ሞገድን ቀመር በቃል የሚያውቁ ናቸው፤ ሞገዱ የተነሣበት ተራራ በመኪና የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ላይ መሆኑን ግን ነጋሪ አላገኙም።

ከዚያ ወዲያ አፋር ነው። ሦስት የምድር ቅርፊት ገበታዎች የሚለያዩበት ስፍራ በየብስ ላይ ቆሞ የሚታይበት አገር እምብዛም የለም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በደባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም መስመር ላይ ቅልጥ ዐለት ከታች ገብቶ መሬቱን በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ ከፈተው። ስምጥ ሸለቆ በዓመት በሚሊ ሜትር እንደሚሰፋ ስናስተምር ኖረናል፤ ትምህርቱ አማካዩን እንጂ አኳኋኑን አይናገርም። ኤርታ አሌም የላቫ ሐይቁ ከመቶ ዓመት በላይ ሲወራለት ቆይቶ በጥር 2009 እና በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ፈንድቷል። የጎረቤቱ የሃይሊ ጉቢ ደግሞ ብሶ፣ ከዚያ በፊት የተመዘገበ ፍንዳታ ሳይኖረው፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አመዱን ቀይ ባሕርን አሻግሮ እስከ ሕንድ ድረስ ላከው። የአየር በረራ ተስተጓጎለ፤ ወሬውን ብዙዎቻችን ከባዕድ ጣቢያ ሰማን።

በረሃው ለአራዳ እንግዳ የሆነውም በቅርቡ ነው። በጊዮርጊስ ሥር የነበረው ጥንታዊው የአራዳ ገበያ በአሞሌ ይገበያይ ነበር፤ አሞሌውም ከዚያው ከአሳሌ የጨው ሜዳ ተፈልጦ፣ በግመልና በበቅሎ ደጋውን ወጥቶ የሚመጣ ነው። ጨዉን ያስቀመጠው በጥንት ዘመን ወደ ዝቅታው ገብቶ የተነነው የቀይ ባሕር ውኃ ነው። ዛሬ በዳሎል አሲድ ኩሬዎች ሕይወት አለ ወይስ የለም የሚለው ክርክር ዓለም አቀፍ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ጥናት በአንዳንዶቹ ኩሬዎች ሕይወት እንዳላገኘ ሲገልጽ፣ በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን እጅግ ደቃቅ ተሕዋስያን አገኘሁ ብሏል። ዳኛ የሚሻ ጉዳይ ነው፤ ከዳኞቹ መካከል የእኛ ልጆች ቢበዙ ምን ነውር አለው? አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አዋሽን ተከትሎ አቤ ሐይቅ መድረሱ እንደ ግኝት ተጽፎለታል። (የአፋር ሰው ወንዙ የት እንደሚያልቅ ጠፍቶት አያውቅም።) እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻም ኤርታ አሌን ያጠናው በሃሩን ታዚዬፍ የተመራ የአውሮፓውያን ቡድን ነበር።

ተቃውሞው ይገባናል። ሙቀቱ ይገድላል፤ መንገዱ ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 በኤርታ አሌ ቱሪስቶች ተገድለዋል፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው ጦርነትም አካባቢውን ዘግቶት ነበር። ስለዚህ ሁሉም ተማሪ ዳሎል ይውረድ አንልም። የገንዘብ እጥረት የሚለውን ግን በሙሉ ልብ አንቀበልም። አንድ አውቶቡስ ከአራት ኪሎ ማለዳ ቢነሣ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መተሐራን፣ የበሰቃን ሐይቅና የፈንታሌን ግርጌ አሳይቶ በዚያው ዕለት ይመለሳል። ወጪው ነዳጅና ዳቦ ነው።

ለመጀመሪያው ጉዞ የምንመርጠው ወር ጥር ነው፤ ቆላው የሚቀዘቅዝበት ወቅት ነውና። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ባሮሜትርና ፒያሳ ላይ የታሸገ አንድ ፕላስቲክ ይይዛል። መለኪያዎቹ በአዳማ፣ በወለንጪቲና በመተሐራ ይነበባሉ። በመመለሻው አዋሽ ወንዝ ዳር ቆም ብሎ ከውኃው አንድ ጠርሙስ መቅዳትም ይቻላል። በፒያሳ ግራና ቀኝ የሚወርዱት ወንዞች ከነቆሻሻቸው በአቃቂ በኩል የሚደርሱት ወደዚሁ ወንዝ ነው፤ የኬሚስትሪ ባልደረቦቻችን ጠርሙሱን ለመቀበል ፈቃደኞች እንደሚሆኑ ተስፋ እናደርጋለን።