ጫጩት ሲታደል ሳይታደል የቀረው

የዶሮ እርባታ ዜና አብዛኛውን ጊዜ በጫጩት ቁጥር ይጀምራል፤ በጫጩት ቁጥርም ያልቃል። ይህን ያህል ሺህ ጫጩት ተሰራጨ፣ ይህን ያህል አባወራና እማወራ ተጠቃሚ ሆነ ይባላል። ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ በሕይወት አለ? ስንቱስ ላባው ሙሉ ነው? ይህ ጥያቄ ግን ዜና ሲሆን እምብዛም አይታይም።

የሌማት ትሩፋት በኅዳር 2015 ዓ.ም በአርባ ምንጭ ይፋ ከሆነ ወዲህ እንቁላልና የዶሮ ሥጋ፣ ከወተትና ከማር ጋር፣ የመንግሥት ትልቅ አጀንዳ ሆነዋል። ሐሳቡ የሚጠላ አይደለም። የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው በአብዛኛው ከ60 እንቁላል አይዘልም። ቦቫንስ ብራውን የምትባለው ዝርያ ግን ጥሩ አያያዝ ካገኘች 300 ገደማ ትጥላለች። ጨውና ሳሙናን፣ የልጅ ደብተርንና እስክሪብቶን በእንቁላል ገንዘብ ለምትሸፍን እናት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ነገሩ ያለው «ጥሩ አያያዝ ካገኘች» ከሚለው ላይ ነው።

የጃማ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ደጎሎ፣ ወይም ወደ ምዕራብ ወጣ ብሎ በመካነ ሰላም፣ ስምንት ወይም አሥር ቄብ የገዛ ቤተሰብ ይታሰብ። ብዙ ብር የወጣባትን ዶሮ እንደ ሐበሻዋ ሜዳ ላይ መልቀቅ ያስፈራል። ጭልፊት አለ፣ ሌባ አለ፣ «ጓሮዬን ጫረችብኝ» የሚል ጎረቤት አለ። ስለዚህ በጠባብ ቤት ትዘጋለች፤ ፉርሽካና ውኃ ይቀርብላታል። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ የአንዷ ጀርባ ይላጣል፣ የሌላዋ ጅራት ሥር ይደማል። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት በሩ ሲከፈት አንዷ ሞታ ትገኛለች። ያን ጊዜ ፍርድ ይሰጣል፦ «የፈረንጅ ዶሮ ክፉ ናት፤ እርስ በርሷ ትበላላለች»።

ይህ ፍርድ ዶሮዋንም ገዢዋንም ይጎዳል። ምክንያቱን ከዶሮዋ ጠባይ ላይ አሳርፎ መፍትሔውን ስለሚደብቅ ነው።

በመጀመሪያ መነቋቆር ሁሉ አንድ አይደለም። ኖርዌጂያዊው ሼልደሩፕ ኤቤ ከመቶ ዓመት በፊት እንዳሳየው ዶሮዎች በመካከላቸው የበላይና የበታች ተራ አላቸው። ይህን ተራ ለማስከበር የሚደረገው ንክሻ አጭር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚያርፈው ራስና አንገት ላይ ነው። ላባ መንጨት ግን ሌላ ነገር ነው። ነጪዋ የተቆጣች አትመስልም፤ ከኋላ ቀስ ብላ መጥታ ከጀርባ፣ ከጅራት ሥር ወይም ከእንቁላል መውጫው አካባቢ ትነጫለች። ተነጪዋም ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ትቆማለች። ቆዳው ከደማ በኋላ ግን ቀይ ቀለም ሌሎቹን ሁሉ ይጠራል። አውራ ዶሮ ባለበት ቤት የጀርባ ላባ መሳሳት ከአውራው ጥፍር ሊመጣ ይችላል። ላባ የሚቀየርበት ወቅትም አለ። ስለዚህ ላባው የጠፋበትን ቦታ ለይቶ ማየት ይቀድማል።

ታዲያ ለምን ትነጫለች? ሆላንዳዊው ተመራማሪ ሃሪ ብሎክሁይስ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት ያቀረበው ማብራሪያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ዶሮ ከተፈጥሮዋ ቀኑን አብዛኛውን መሬት ስትጭርና ስትለቅም የምትውል ፍጡር ናት። የሚጫር መሬት ስታጣ የመልቀም ፍላጎቷ አብሮ አይጠፋም፤ ከፊቷ ወደሚገኘው ነገር ይዞራል፤ ያም የጓደኛዋ ላባ ነው። የእኛ ሰው ይህን ከተመራማሪ በፊት ያውቀዋል። «ዶሮ ጭራ ታወጣለች ካራ» ሲል መጫር ከጉዳቷ ጭምር የማያስጥላት ሥራዋ መሆኑን እየተናገረ ነው። የሐበሻ ዶሮ በአመድ ክምርና በገለባ መካከል ስትጭር ውላ ማታ ቆጧ ላይ ስትወጣ የቀረ ጉልበት የላትም። የተዘጋችዋ ፉርሽካዋን በአጭር ጊዜ ትጨርሳለች፤ የቀረውን ቀን የምትሠራው የላትም።

ሁለተኛው ምክንያት ረሃብ ነው፤ የሆድ ሳይሆን የፕሮቲን ረሃብ። ላባ በአብዛኛው ፕሮቲን ነው። ጃማ የስንዴ አገር ነውና ፉርሽካ አይጠፋም፤ በፉርሽካ ብቻ ግን በየቀኑ ለመጣል የተዘጋጀች ዶሮ አትቆምም። ፕሮቲንና ጨው ሲያንሳት ላባና ደም መቅመስ ትጀምራለች። በጾም ወራት የእንቁላል ገበያ ሲቀዘቅዝ መኖ የሚቀንስ ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ ያባብሰዋል። ጥበት፣ ከመጠን ያለፈ ብርሃን፣ ቅማልና የመሳሰሉት ነፍሳትም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

የዘር ነገር የለበትም ማለትም አይቻልም። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ሚዩር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተመው ሥራ እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። ዶሮዎችን በተናጠል በጣሉት እንቁላል ሳይሆን አብረው በኖሩበት ቡድን ውጤት እየመዘነ መረጠ። በጥቂት ትውልድ ውስጥ የዓመቱ ሞት ከ68 በመቶ ወደ 9 በመቶ ገደማ ወረደ። ለብቻዋ ስትመዘን የበለጠች ዶሮ በቡድን ውስጥ ጓደኞቿን የምትጎዳ ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። ለእንቁላል ብዛት ብቻ የተመረጠ ዝርያ ከእንቁላሉ ጋር ሌላም ነገር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ይህን የሚያውቀው አርቢው ኩባንያና ባለሙያው ነው፤ ገዢዋ ግን የሚነግራት ስለሌለ «ክፉ ናት» ብላ ትደመድማለች።

አንዳንዱ ምላጭ ያነሣል። የዶሮ ምንቃር ግን እንደ ጥፍር ጫፍ የሞተ ነገር አይደለም፤ ነርቭ ያለው፣ የሚያም አካል ነው። ስዊድንና ፊንላንድ ምንቃር መቁረጥን በሕግ ከልክለዋል። በምላጭ የተቆረጠች ዶሮ ትደማለች፣ መብላት ያቅታታል፣ እንቁላሏም ይቀንሳል። የነገሩ ምክንያት ደግሞ ሳይነካ እዚያው ይቆያል።

የሚሠራው መድኃኒት ከቤት የሚገኝ ነው። የደማችዋን ዶሮ ያን ቀን መለየት፤ ቁስሏ ሳይድን አለመመለስ። ነጪዋ አንዷ ብቻ መሆኗ ከተለየች እሷንም ለጥቂት ቀን ማግለል፤ ሌሎቹ አይተው ከለመዱ በኋላ ግን አንዷን ማረድ ብቻውን አያስቆመውም። ወለሉ ላይ ደረቅ ጭድ ጎዝጉዞ ጥሬ መበተን፣ እየጫረች እንድትፈልግ። ጎመን ወይም ሌላ ቅጠል አስሮ ከራሷ ከፍ አድርጎ ማንጠልጠል። በጥግ በኩል አመድና ደረቅ አፈር ማኖር፣ ቅማሏን እንድታራግፍበት። የመጣያ ቦታዋን ጨለም ማድረግ፣ ስትጥል ቀዩ ቦታ ለሌሎቹ እንዳይታይ። ከፉርሽካው ጋር የኑግ ፋጉሎ መቀላቀል፣ ለአንድ ኪሎ መኖ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ጨው መጨመር፤ ጨው ሲበዛ መርዝ ስለሚሆን ከዚያ አለማለፍ። ቦታውንም ማስፋት። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንኳ ያለ ኬጅ በሚያዙ የእንቁላል ዶሮዎች በካሬ ሜትር ከ9 በላይ አይፈቅድም፤ ለግቢ ዶሮ ደግሞ ግማሹ ይሻላል። ጭልፊቱ ከፍ በማይልበት፣ ሰው በሚኖርበት ሰዓት ግቢ ውስጥ ለአንድ ሁለት ሰዓት መልቀቅ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል።

ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ይጻፋል። አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜም ይነገራል። ታዲያ ጫጩት ሲታደል ለምን አብሮ አይታደልም?

«ባለሙያው ስንቱን ይድረስ?» የሚል መልስ ይኖራል። እውነትነት አለው። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት የግብርናና የእንስሳት ጤና ባለሙያውን እንቅስቃሴ ክፉኛ አጥብቦታል። ነገር ግን ባለሙያው ከቤት ቤት መዞር ካልቻለ ምክሩ ከጫጩቱ ጋር መሄድ አለበት ማለት ነው። ቄቡን እስከ 45 ቀን አሳድጎ የሚሸጠው ነጋዴ ለክትባቱ ኃላፊነት እንዳለበት ሁሉ ስለ ቦታ፣ ስለ መኖና ስለ ጉዝጓዝ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት አብሮ ቢሰጥ የሚያከስረው ነገር የለም።

«ሰው በተቸገረበት ዘመን የዶሮ ላባ ምን ያሳስባል?» የሚልም አይጠፋም። የሚያሳስበው የተቸገረው ሰው ስለሆነ ነው። ከአሥር ዶሮ አራቱን በመነቋቆር ያጣች እናት ያጣችው የዓመት ጨውና ሳሙናዋን ነው። ምናልባት የተበደረችውንም ጭምር። ከዚያ በኋላ ሌላ ጫጩት ቢመጣላት አትቀበልም፤ አለመቀበሏም «ገበሬው አዲስ ነገር አይወድም» ተብሎ በሪፖርት ይጻፍባታል።

ስለዚህ የሚቆጠረው ነገር ይቀየር። ወረዳው፣ ዞኑና ክልሉ የተሰራጨውን ጫጩት ብቻ ሳይሆን በዓመቱ በሕይወት ያለውንና የሚጥለውን ዶሮ ይቁጠሩ። ከየቀበሌው ጥቂት ቤት ለናሙና ማየት ይበቃል። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ኃላፊ በማይክሮፎን ፊት ቆሞ የዘንድሮውን የጫጩት ቁጥር ሲናገር የሚጠይቅ ጋዜጠኛ፣ ካልሆነም የሚጠይቅ ነዋሪ ይኑር፦ ካምና ከታደሉት ውስጥ ዛሬ እንቁላል የሚጥሉት ስንቱ ናቸው?