የፎቶግራፍ ብልጭታና በየቤታችን የሚታየው የሰርግ ፊልም

በነቀምቴ ከተማ በአንድ የተከበረ ቤት ተጋብዘን ሳለን፥ የቤቱ ጌታ ከሁለት ዓመት በፊት ልጃቸውን የዳሩበትን የሰርግ ፊልም በቴሌቪዥን አሳዩን፡፡ ድንኳኑም፥ ሚዜዎቹም፥ እንግዳውም ሁሉ አምሮ ይታያል፡፡ ነገር ግን ሙሽራይቱ የአያቷን ጉልበት ስማ ምርቃት ከምትቀበልበት ክፍል በደረስን ጊዜ ሥዕሉ ይከፋፈል ጀመር፡፡ የአሮጊቲቱ አገጭ እንደ ኖራ ሲነጣ ግንባራቸው በጥላ ይቀራል፤ ወዲያውም ነገሩ ተገልብጦ ግንባራቸው ይነጣል፡፡ እኒያ እመቤት ከሰርጉ በኋላ ስድስት ወር ሳይሞላ ዐርፈዋልና፥ ቤተ ሰቡ ያን ፊልም የሚከፍተው ከሁሉ ይልቅ ስለዚያ ምርቃት ነው፡፡ የቤቱ ጌታም ቴሌቪዥኑ የታመመ መስሏቸው ሁለት ጊዜ ለሠራተኛ ሰጥተውት ኖሯል፡፡

ቴሌቪዥኑስ ደኅና ነው፡፡ ጥፋቱ የመጣው በዚያች ሰዓት በዙሪያው ብልጭ ይል ከነበረው የፎቶግራፍ መብራት ነው፡፡ የቪዲዮ ካሜራ በአንድ ሰኮንድ ውስጥ 25 ሥዕሎች ያነሣል፤ እነርሱም ተከታትለው ሲያልፉ ዓይናችን እንደ ሕያው እንቅስቃሴ ይቀበላቸዋል፡፡ የፎቶግራፍ ብልጭታ ግን ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ ከሰኮንድ አንድ ሺኛ እጅ አይበልጥም፡፡ ዛሬ በብዛት የሚሠራባቸው ካሜራዎች ደግሞ ሥዕሉን ባንድ ጊዜ አይቀበሉትም፤ ሰው ደብዳቤ እንደሚያነብ ከላይኛው መሥመር ጀምረው ወደ ታች በየመሥመሩ ይለቅሙታል እንጂ፡፡ ስለዚህ ብልጭታው ንባቡ እኩሌታ ላይ ሳለ የመጣ እንደ ሆነ፥ የአንደኛው ሥዕል ታችኛ ክፍልና የተከታዩ ሥዕል ላይኛ ክፍል ብቻ ይነጣሉ፡፡ ቀድሞ ከነበሩት ካሜራዎች ብዙዎቹ ሥዕሉን በሙሉ ባንድነት ይቀበሉ ስለ ነበረ፥ በነርሱ ላይ ብልጭታው አንድ ሙሉ ነጭ ሥዕል ሆኖ ቶሎ ያልፍ ነበር፤ ዓይንንም ይህን ያህል አያስቸግርም ነበር፡፡

በካናዳና በአሜሪካ አገር የኛን የገና ጨዋታ የሚመስል፥ ቆልማማ በትር ይዘው በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚጫወቱት ጨዋታ አለ፡፡ ፎቶግራፍ አንሺዎች ከአዳራሹ ጣራ ሥር ታላላቅ የብልጭታ መብራቶች ይሰቅላሉ፤ በረዶውም ነጭ ስለ ሆነ ብርሃኑን መልሶ ይረጨዋል፡፡ በቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን የሚያይ ሰውም ግቡ በገባበት ቅጽበት ሜዳው ብልጭ ሲል ያያል፤ ጨዋታው ቀስ ተደርጎ በተደገመ ጊዜ ነጩ ሥዕል አብሮ ይጐተታል፡፡ ነገር ግን በዚያ አገር መብራቱ አንድ ጊዜ ከበራ በኋላ እንደ ገና እስኪሞላ ጥቂት ሰኮንድ ይፈልጋል፥ አንሺዎቹም በቁጥር የታወቁ ናቸው፡፡ በነቀምቴ፥ በጊምቢ፥ በሻምቡ ወይም በደምቢ ዶሎ ሰርግ ላይ ግን ፎቶግራፍ አንሺ ያልሆነ እንግዳ ማግኘት ጭንቅ ነው፡፡ ስልክ የያዘ ሁሉ ወደ ፊት ይጋፋል፤ ሽማግሌዎቹም ሲመርቁ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚመርቁት ስለ ጸሎት ብቻ እንዳይመስለን፡፡

የሥዕሉ መበላሸት ብቻ ቢሆን ባላስቸገርናችሁ ነበር፡፡ በታኅሣሥ 7 ቀን 1990 ዓ.ም. በጃፓን አገር ፖክሞን የተባለው የልጆች ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ፥ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በታላቅ ፍጥነት ስለ ተፈራረቀበት፥ 685 ያህል ሰዎች ወደ ሐኪም ቤት ተወሰዱ፤ አብዛኞቹም ልጆች ነበሩ፡፡ እንግሊዞች ከዚያም ቀደም ብለው በቴሌቪዥናቸው በአንድ ሰኮንድ ከ3 ጊዜ የበለጠ ብልጭታ እንዳይታይ ደንብ አውጥተዋል፤ የፎቶግራፍ ብልጭታ የሚበዛበትን ዜና ሲያሳዩም አስቀድመው ተመልካቹን ያስጠነቅቃሉ፡፡ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች በብልጭታ የሚነካው ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ነው፤ ሆኖም ያ ልጅ በቤታችን ሊገኝ ይችላል፡፡ ስለዚህ እንዲህ ያለው ፊልም ሲታይ የክፍሉ መብራት ይብራ፥ ልጆችም ከቴሌቪዥኑ ራቅ ብለው ይቀመጡ፡፡ ብልጭታው ከጸና አንድ ዓይንን በመዳፍ መክደን ይጠቅማል፤ ሁለቱን መጨፈን ግን ብርሃኑ በቆብ በኩል ስለሚያልፍ አያድንም፡፡ ልጁ የወደቀ እንደ ሆነም በጎኑ አስተኝቶ ራሱ እንዳይጋጭ መጠበቅ ነው እንጂ፥ ክብሪት ጭሮ ማሽተትና በጥርሱ መካከል ማንኪያ ማስገባት ጉዳት ነው፡፡

ልጅ ለመዳር የተዘጋጁ አንባቢዎቻችን ከቪዲዮ አንሺውና ከፎቶግራፍ አንሺው ጋር ድንኳኑ ሳይተከል ይነጋገሩ፡፡ ለምርቃቱ የማይቋረጥ ብርሃን የሚሰጥ መብራት ቢቆም፥ ፎቶግራፍ አንሺውም ያለ ብልጭታ ማንሣት ይችላል፤ አይቻለኝም ካለም አንድ እርሱ ብቻ ጥቂት ጊዜ ያብራ፡፡ እንግዶች ስልካቸውን ለዚያች ሩብ ሰዓት እንዲያሳርፉ የሚለምን ግን ወጣት ሚዜ ሳይሆን ቃሉ የሚሰማ ሽማግሌ ይሁን፤ ሚዜውማ ራሱ እያነሣ ነው፡፡

የነቀምቴውም ፊልም በሙሉ አልጠፋም፡፡ አንድ ብልጭታ ከ25ቱ ሥዕሎች የሚያበላሸው አንዱን ወይም ሁለቱን ስለ ሆነ፥ የነጣውን አውጥቶ በስፍራው ጎረቤቱን ሥዕል መድገም ይቻላል፡፡ የቤቱ ጌታ ይህን ነግረናቸው ፊልሙን ለባለሙያ ሰጡ፤ የሙሽሮቹ መግቢያና የቀለበቱ ሥነ ሥርዓት ጸድቶ ተመለሰ፡፡ በምርቃቱ ላይ ግን ብልጭታው እጅግ ተደራርቦ ስለ ነበረ የሚተካ ንጹሕ ሥዕል አልተገኘም፡፡ ድምፁን ብርሃን አይነካውምና፥ ያን ስፍራ ባለሙያው በአሮጊቲቱ አንድ ጸጥ ያለ ፎቶግራፍ ሸፍኖ ምርቃታቸውን በሙሉ ከበላዩ አሰማበት፡፡ ፎቶግራፉን ያነሣችው የልጅ ልጃቸው ናት፤ በማግሥቱ ጧት፥ በደጃፉ፥ በፀሐይ፡፡