ቀብዱ ተበልቶ ካሜራው ሲቀር

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባሉት ቅዳሜና እሑዶች ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ በጥሩምባ ይደምቃል። አንዱ ሙሽራ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ከየአጀቡ ፊት አንድ ወጣት ከመኪና መስኮት ወገቡን አውጥቶ ወደ ኋላ ይቀርጻል። በዚያ ቀን ከሚከፈላቸው ሰዎች ሁሉ ይህ ወጣት በአንድ ነገር ይለያል። ሥጋው ይበላል፣ ድንኳኑ ይነቀላል፣ ቬሎው ወደ ኪራይ ቤቱ ይመለሳል። የእሱ ሥራ ግን ገና ከዚያ በኋላ ነው የሚታየው።

ሆኖም ከሁሉም ባነሰ ጥንቃቄ የሚቀጠረው እሱ ነው። በሬው ሲገዛ ሦስት አዋቂ ገበያ ይወርዳል፤ ጥርሱ ይታያል፣ ሻኛው ይዳሰሳል፣ ዋጋው ላይ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ካሜራ ማኑ ቲክቶክ ላይ በታየ የአንድ ደቂቃ ክሊፕ ይመረጣል። በስልክ «እሺ ወንድሜ፣ ቀኗን ያዝልን» ይባላል፣ ቀብድ ይላክለታል፣ አለቀ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ ደሴ ላይም ኮምቦልቻም ላይ አንድ ዓይነት ነው። በአንድ እሑድ ሦስት ሰርግ የያዘ ፎቶ ቤት ጎበዙን ሰው ወደ ከፋዩ ሰርግ ይልክና ለሌሎቹ ካሜራ መያዝ ገና የሚለማመድ ልጅ ያሰማራል። ወይም ሰርጉ አሥር ቀን ሲቀረው «ሌላ ሥራ ተደርቦብኛል፣ ቀብዱን ልመልስ» የሚል ስልክ ይደወላል። ቤተሰቡም ገንዘቡ ስለተመለሰለት እንደ ዕድለኛ ቆጥሮ ዝም ይላል።

ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም። በ1952 የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ደንግጓል። ቀብድ መሰጠቱ ራሱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሰጪው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ይቀርበታል። ተቀባዩ ከቀየረ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። 10 ሺህ ብር ቀብድ የተቀበለ ካሜራ ማን የተሻለ ከፋይ አግኝቶ ጥሎ ከሄደ የሚመልሰው 20 ሺህ ነው። ሕጉ ይህን የሚለው ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በስተቀር ነው። ስለዚህ አንዳንድ ፎቶ ቤት በሚሰጠው ደረሰኝ ግርጌ በትንሽ ፊደል ምን እንደተጻፈ ማንበብ ዋጋ አለው።

ለእንዲህ ያለ ሥራ ውሉ በጽሑፍ ይሁን የሚል ግዴታ የለም፤ የቃል ስምምነትም ውል ነው። ችግሩ ማስረዳቱ ላይ ነው። በእጅ የተሰጠ ብር አፍ የለውም። በቴሌብር ወይም በባንክ የተላከ ግን ቀንና ሰዓት ይዞ ይቀመጣል። ሲላክ ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ ላይ «ለእሑዱ ሰርግ ፎቶና ቪዲዮ ቀብድ» ብሎ ከነቀኑ መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያቺ መስመር ካለች «ቀብድ አይደለም፣ የአልበም ዕዳ ነበር» የሚል ክርክር አይነሳም።

እዚህ ላይ ለካሜራ ማኖቹም መናገር ያስፈልጋል። ሥራቸው ዓመቱን ሙሉ አይደለም። በዐቢይ ጾም የክርስቲያን ሰርግ የለም፤ በረመዳንም የሙስሊሙ ይቆማል። ዓመቱን የሚያኖራቸው ጥርና ሚያዝያ፣ ከረመዳን በፊትና ከዒድ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። ካሜራውም ሌንሱም ባትሪውም በዶላር የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ መቶን አለፈ። ከዚያ በፊት ተዋውሎ ከዚያ በኋላ አልበም ያሳተመ ሰው ከኪሱ ሳይከፍል አልቀረም። ሰርጉ ካለፈ በኋላ ቀሪ ክፍያ የሚከለክል፣ ስልክ የማያነሳ፣ «ፎቶው ላይ ወፍሬያለሁ» ብሎ ግማሽ ዋጋ የሚቆርጥ ደንበኛም አለ። ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ቆሞ የዋለ ልጅ ሰሐን የሚያቀርብለት አጥቶ ጾሙን የሚያድርበት ሰርግም አይጠፋም፤ ይህ በወሎ ያሳፍራል።

ቢሆንም የዋጋ መወደድ ከውል አያወጣም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1794 ለሥራው የሚያስፈልግ ጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመሩን ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ብሎ አይቆጥረውም። ፎቶ ቤቱ የአልበም ወረቀት ሊወደድ ይችላል ብሎ ከሠጋ በስምምነቱ ላይ አስቀድሞ ያስገባው፤ ሙሽሮቹም አውቀውት ይፈርሙ። ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው «ተወዷልና ጨምሩ» ማለት ግን ሙሽራን ከነቬሎዋ መያዣ ማድረግ ነው።

ከአቅም በላይ የሆነውስ? ይህን በተመለከተ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ከሌላው ኢትዮጵያዊ የበለጠ የሚያውቀው አለ። ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሁለቱ ከተሞች በጦርነት ውስጥ ነበሩ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ የሰዓት እላፊና የመንገድ መዘጋት የሰርግ ፕሮግራም አካል ሆነ። ጦርነትም፣ የመንግሥት ክልከላም በሕጉ ቁጥር 1793 ከአቅም በላይ ተብለው ከተጠቀሱት ውስጥ ናቸው። ያን ጊዜ ካሳ የለም። ግን ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ለሌላ ቀን ይተላለፋል? ቀኑ ቢገፋ በዚያው ዋጋ ነው? መንገድ ተዘግቶ ከደሴ የተቀጠረው ሰው ኮምቦልቻ መውረድ ቢያቅተው እዚያው ያለ ሌላ ባለሙያ የሚተካው በማን ወጪ ነው? እነዚህን በሦስት መስመር መጻፍ ይቻላል፤ በዚህ አካባቢ ከአልበሙ መጠን በፊት መጻፍ ያለባቸውም እነሱ ናቸው።

ከገንዘቡ ይልቅ ሊመለስ የማይችለው ቅጂው ነው። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሆስፒታል ዕቃ፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ማሽን ሳይቀር ተዘርፏል። ማሽን ይተካል። በአንድ ፎቶ ቤት ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ሰርግ ግን ኮምፒውተሩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ ያ ሰርግ ሁለተኛ አይደገስም። ለዚህ ደግሞ ጦርነት አያስፈልግም። የወደቀ ሃርድ ዲስክ፣ መብራት ሲጠፋና ሲመጣ የተቃጠለ ኮምፒውተር፣ «ሞልቶብኝ ነበር» ብሎ ሚሞሪ ካርዱን ያጠፋ ረዳት ይበቃል። እና የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ገጽ አልበም ነው?» ሳይሆን «በዚያው ሌሊት ስንት ቦታ ትገለብጡታላችሁ?» ቢሆን ይሻላል። «ሁለት ቦታ፣ አንዱን ከፎቶ ቤቱ ውጭ» የሚል መልስ የሚሰጥ ባለሙያ ሥራውን ያውቃል። ሙሽሮቹም አልበሙን ሳይጠብቁ ያልተነካካውን ፋይል በመልሱ ማግሥት በራሳቸው ዲስክ ተቀብለው አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ቢልኩት ብልህነት ነው። ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ክልል «ደመና ላይ አስቀምጠነዋል» የሚለው ቃል ብዙ አያስተማምንም፤ በአውቶቡስ የሄደ ፍላሽ ይሻላል።

አንዳንድ ፎቶ ቤቶች ጥሬውን ፋይል አንሰጥም ይላሉ። «ያልተሠራ ሥራ ስማችንን ያጠፋል» የሚለው ምክንያታቸው ከንቱ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የመብቱ ባለቤት ያሠራው ሰው ነው ይላል። የፎቶግራፍ ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብትም ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠበቃል። ፋይሉን በእጅ የመረከቡ ጉዳይ ግን የስምምነት ነገር ነውና ቀብድ ከመላኩ በፊት መነሳት አለበት።

ወሎ ላይ ሲሆን ደግሞ አንድ ከባድ ነገር አለ። እዚህ አንድ ሰርግ ላይ ሁለት ማዕድ ይዘረጋል፤ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋ ለየብቻ ይታረዳል፣ ዘመዱ አንድ ነው። በሙስሊሙ ሰርግ የሴቶቹ ክፍል ለብቻው ነው። ሂና የሚቀቡት፣ ሻሻቸውን አውልቀው የሚጨፍሩት ወንድ እንደሌለ አምነው ነው። እዚያ ክፍል ካሜራ ይዞ የሚገባው ማን ነው? ሴት ባለሙያ አለች ወይ? እሷ የቀረጸችውንስ ቁጭ ብሎ የሚያቀናብረው ወንድ ነው ወይ? ይህን ሳይጠይቅ የቀጠረ ቤተሰብ ከሰርጉ ሁለት ሳምንት በኋላ የልጁን እህት ቲክቶክ ላይ በሙዚቃ ታጅባ፣ ከሥሯ የማያውቋት ሰዎች አስተያየት ተደርድሮ ሊያገኛት ይችላል። የልጅቷ ጉዳት ፎቶ ቤቱ «ይቅርታ፣ አጥፍተነዋል» ሲል አይጠፋም፤ ሌሎች አውርደውታል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይህን ያኔ፣ ቲክቶክ ሳይታሰብ፣ አስቦበታል። በቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ አይችልም። የተደፈረ ሰው እንዲቆምለት መጠየቅ ይችላል። ቀዳዳ ግን አለው፤ ቁጥር 28 በሕዝብ ፊት ከተደረገ ሥነ ሥርዓት ጋር ለተያያዘ ምስል ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። «ሰርጉ የተደረገው በአደባባይ ነው» ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ ለሆቴሉ ደጃፍ ጭፈራ ምናልባት ያስኬደዋል፣ ለሴቶቹ ክፍል ግን በፍጹም። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ክርክሩን ፍርድ ቤት ከመጠበቅ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ይቀድማል፦ ሙሽሮቹ በጽሑፍ ሳይፈቅዱ ምንም ምስል በማኅበራዊ ሚዲያም፣ በፎቶ ቤቱ መስኮትም አይለጠፍም። ፎቶ ቤቱ ለማስታወቂያ ከፈለገው ደግሞ ይጠይቅ፤ ዋጋ ይቀንስ፤ ሙሽሮቹ የሚለጠፈውን ይምረጡ።

«በሀገር ልጅ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል፣ አለመተማመን ነው» የሚል ሽማግሌ ይኖራል። ኒካህ ራሱ ምስክር ተቀምጦ፣ መህር ተቆርጦ የሚታሰር ውል ነው። የሰማንያውም ጋብቻ ቢሆን ፊርማና ምስክር አለው። ልጁን በውል የሚድር ሰው ለካሜራው ውል ሲባል የሚደነግጥበት ምክንያት የለም።

ስለ ችሎታ ጥቂት። በክሊፕ የሚታየው ከሃያ ሰርግ የተለቀመ ደቂቃ ነው። የአንድ ሰርግ ሙሉ ሥራ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ይታይ። በተለይ ድንኳን ውስጥ የተነሳው፤ ሰማያዊ ሸራ ሥር ፊቱ ሁሉ የታመመ ሰው የሚመስልበት ካሜራ ማን ብርሃን ማረም አያውቅም። ነጭ ቬሎ አጠገብ የጠይም ሙሽራ ፊት ጠቁሮ ከጠፋም እንዲሁ። ድሮን እናበራለን የሚል ካለ ፈቃዱ ይጠየቅ፤ በኢትዮጵያ ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳም፣ በዚህ ክልል ደግሞ ሰማይ ላይ የሚያንቧርቅ ነገር የድግስ ስሜት አይሰጥም።

የመጨረሻው ነገር የሰዓት ጉዳይ ነው። ፎቶ ቤቶች ሙሽሮቹን ወደ ሐይቅ መውሰድ ይወዳሉ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ውሃው ያምራል፣ ቪዲዮው ለማስታወቂያ ይሆናል። መሄጃው፣ መቀረጫው፣ መመለሻው ተደምሮ ከሰዓት በኋላውን ይበላል። ሰርጉን የከፈለችው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጅዳ ወይም ሪያድ ያለች እህት ናት፤ ፈቃድ አጥታ አልመጣችም፣ ሰርጉን የምታየው በዚያ ቪዲዮ ነው። ከሦስት ወር «ኢዲት ላይ ነው» በኋላ ፋይሉ ይደርሳታል። ሙሽሮቹ በሐይቁ ዳር በዝግታ ሲራመዱ አሥር ደቂቃ ታያለች። እናቷ ሁለት ጊዜ፣ ከሰው ትከሻ ኋላ፣ ብልጭ ብለው ያልፋሉ። ዱበርቲዎቹ ሲመርቁ፣ አያትየዋ የልጅ ልጃቸውን ግንባር ሲስሙ የሚያሳይ ግን የለም፤ ያኔ ካሜራው ሐይቅ ነበር።