የበረረው ጠጠር ዕዳ የሹፌሩ አይደለም

ኖቬምበር ሲገባ ኩዌት ውስጥ ሁለት ነገሮች ይጠበቃሉ። አንደኛው ዝናብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከዝናቡ በኋላ ከአስፋልቱ እየተነሳ የመኪና መስታወት የሚሰነጥቀው ጠጠር ነው። ማዳምን ወደ ሥራ፣ ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት የሚያመላልሱ የቤት ሹፌሮች በደንብ ያውቁታል። ከኋላ ከሕፃናት ጋር የሚቀመጡ እህቶቻችንም ድምፁ አዲስ አይሆንባቸውም።

መስታወቱ ከተሰነጠቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄም የታወቀ ነው፦ «ምን አድርገህ ነው?» አንዳንዱ ቤት ነገሩ በዚሁ ያበቃል። አንዳንዱ ቤት ግን የመስታወቱ ዋጋ ከወር ደመወዝ ላይ ይቆረጣል። ይህ ትክክል አይደለም እንላለን። ለምን እንደምንል ለማስረዳት ግን ስለ መንገዱ ራሱ ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል።

አስፋልት ጥቁር ስለሆነ ሁሉም ነገሩ ሬንጅ ይመስላል። በክብደት ሲታይ ግን 95 በመቶ ያህሉ ድንጋይ ነው፤ ተለቅ ያለና ደቀቅ ያለ ጠጠር፣ አሸዋ፣ የድንጋይ ዱቄት። ሬንጁ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ሥራውም እያንዳንዱን ድንጋይ ለብሶ እርስ በርስ ማያያዝ ነው። አገር ቤት ግድግዳ ሲመረግ ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም። ጭቃው ውሃ ሲበዛበት ይንሸራተታል፣ ጭድ ሲያንሰው ይሰነጠቃል፣ በደንብ ካልቦካ ደግሞ ሲደርቅ ይረግፋል። የአስፋልት ሠሪው ጭንቀትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ እሱ በእጁ ዳብሶ ሳይሆን በላቦራቶሪ ለክቶ መወሰኑ ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ዛሬም በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ በ1930ዎቹ መጨረሻ ብሩስ ማርሻል የተባለ የአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት የመንገድ ባለሙያ የጀመረው ነው። ትኩሱ ድብልቅ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ክብ ቅርጽ ውስጥ ይደረግና 4.5 ኪሎ በሚመዝን መዶሻ ይመታል። ከባድ መኪና ለሚበዛበት መንገድ ከሆነ በአንድ ወገን 75 ጊዜ፣ ተገልብጦም 75 ጊዜ ነው። ከዚያ 60 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ ይቆይና ስንት ክብደት እንደሚችል ለማወቅ ይጨመቃል። የሬንጁ መጠን ጥቂት በጥቂት እየተለወጠ ይህ ሁሉ ይደጋገማል፤ ልኩ የሚገኘውም እንዲህ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚፈለገው ግን በዓይን የማይታየው ባዶ ቦታ ነው። ድብልቁ በላቦራቶሪ ሲመታ 4 በመቶ ያህል አየር እንዲቀርበት ይደረጋል። በጣም ካነሰ በበጋ ሬንጁ ሲሞቅና ሲለጠጥ የሚሄድበት ስለሚያጣ ወደ ላይ ይወጣል፤ መንገዱም በጎማ መስመር ይጎደጉዳል። መንገድ ላይ ሲነጠፍ በሚገባ ሳይዳመጥ ቀርቶ አየሩ ከ8 በመቶ በላይ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳዎቹ ይገናኙና ውሃ ያስገባሉ። ከዚያ በኋላ የሚያልፍ ጎማ ሁሉ ውሃውን በኃይል ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ መልሶም ይስበዋል። ውሃው በድንጋዩና በሬንጁ መካከል ሲገባ ሬንጁ ይላጣል። የለበሰው የተላጠ ድንጋይ የሚይዘው የለም፤ ጎማ ሲነካው ይበራል።

አገር ቤት ክረምቱን ሙሉ ሲዘንብ ያየ ሰው እዚህ ላይ መጠየቁ አይቀርም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ኩዌት የሚዘንበው የዚያ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ታዲያ በዚህች ጠብታ መንገድ እንዴት ይበላሻል? (የአዲስ አበባውም ቢሆን ከጉድጓድ አልዳነም፤ የእሱ ጉዳይ ሌላ ነው።) መልሱ ያለው ከዝናቡ በፊት ባለው ጊዜ ነው። ሚትሪባ በተባለው የኩዌት በረሃ በጁላይ 2016 የአየሩ ሙቀት 53.9 ዲግሪ ደርሶ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን የአስፋልቱ ገጽ ከ70 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ዓመት ከዓመት የተጠበሰ ሬንጅ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ጠጠሩ ሳይታጠብ አቧራ እንደለበሰ ከተደባለቀ ደግሞ ሬንጁ የተጣበቀው ከአቧራው ጋር እንጂ ከድንጋዩ ጋር አይደለም። ዝናቡ የሚያደርገው አስቀድሞ የነበረውን ጉድለት መግለጥ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ መድኃኒት ያለው ነው። ድንጋዩ ላይ 1 ወይም 2 በመቶ የኖራ ዱቄት ሲጨመር ሬንጁ ይበልጥ ይይዛል። ፖሊመር የተቀላቀለበት ሬንጅ ሙቀትን ይችላል። ውሃ ውስጥ የቆየው ናሙና ከደረቁ ጋር ተወዳድሮ 80 በመቶ ጥንካሬ ካልቀረው ድብልቁን መጣል በብዙ አገር የተለመደ ነው። በሌላ አነጋገር ጠጠሩ እንደሚበር መንገዱ ከመነጠፉ በፊት ማወቅ ይቻላል።

የኖቬምበር 2018ቱ ጎርፍ መንገዶቹን ባበላሸ ጊዜ የያኔው የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስትር ሁሳም አል ሩሚ ከሥልጣን ወርደዋል። ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ አገሪቱ ራሷ ያን ጊዜ ተናግራለች ማለት ነው። በ2024 መጨረሻ ደግሞ አውራ ጎዳናዎችንና የውስጥ መንገዶችን ለመጠገን 18 ውሎች ተፈርመዋል። ሚኒስቴሩ ከተነጠፈው አስፋልት ተቆርጦ የሚወጣውን ናሙና ውጤት፣ የአየሩንም የሬንጁንም መጠን፣ በየመንገዱ ስም ለሕዝብ እንዲያወጣ እንጠይቃለን። መንገዱ ላይ የሚውለው ሰው ቁጥሩን የማየት መብት አለው፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ዓይነት ምንም ይሁን ምን።

ለአሠሪዎችም አንድ ቃል አለን። የመንገድ ሥራው ሚኒስትር የወረደበትን ጉዳይ ከአንድ ሹፌር ደመወዝ ላይ መቁረጥ ከየትኛውም ሚዛን አይገባም። ለመስታወት ኢንሹራንስ አለ፤ ከሌለም ወጪው የመኪናው ባለቤት ነው።

ለሹፌሮች ደግሞ፦ ጠጠር የተበተነበት መንገድ ላይ ከፊት ካለው መኪና፣ በተለይ ከከባድ መኪና፣ ራቅ በሉ፤ ፍጥነትም ቀንሱ። መስታወቱ ከተመታ አመቺ ቦታ ላይ ቆማችሁ የተሰነጠቀውንም የተበተነውን ጠጠርም ፎቶ አንሱ፤ የመንገዱን ስምና ሰዓቱን ጽፋችሁ ቤት ከመድረሳችሁ በፊት ለአሠሪያችሁ ላኩ። አብራችሁ ያለችው እህት ስልኳን ብታወጣ ደግሞ ምስክር ሆነችላችሁ ማለት ነው።